ድምፁ ቢቀንስም ጥይቱ ያው ነው

ልጆቼ፣ በቴክሳስም በኮሎራዶም በቨርጂኒያም ያላችሁ፤ በዕረፍት ቀናችሁ የረጅም ርቀት ተኩስ ለመለማመድ የምትወጡ፣ ወቅቱ ሲደርስም አጋዘን ለማደን ጫካ የምትገቡ፤ እስቲ ጥቂት ጆሮ ስጡኝ። ከእናንተ መካከል በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ የሚጠመጠመውን የድምፅ ማፈኛ፣ ሁሉም ሰው ሳይለንሰር የሚለውን፣ የገዙም ሊገዙ ያሰቡም እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልከለክላችሁም። በወጉ ለያዘው ሰው ደግ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ደግነቱን ሰምቶ ጣጣውን ሳይጠይቅ የሚገዛው ሰው በዝቷል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለደብተራ ብቻ አይደለም፤ ለእናንተም ነው።

እኛ ባደግንበት አገር የጠመንጃ ድምፅ ራሱ መልእክት ነበር። ትልቅ ሰው ሲሞት ይተኮሳል፤ ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፤ ሌሊት ሌባ ከበረት ሲገባ ጎረቤት እንዲደርስ ይተኮሳል። ምንሽርም ሆነ አልቤን ይዞ የሚፎክር ሰው ድምፁ ተራራ ለተራራ ሲያስተጋባ ደረቱ ይነፋ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ የዕድሜ እኩዮቼ ማፈኛውን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ድምፁን የሚደብቅ ጠመንጃ የወንድ አይደለም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የዚያ ዘመን አርበኞችና አዳኞች ሲያረጁ ሦስት ጊዜ ተጠርተው አራተኛው ላይ አቤት የሚሉ ነበሩ። እርጅና ነው እያልን አልፈናቸዋል። እርጅናው ብቻ ግን አልነበረም፤ ባሩዱ ጆሯቸውን በልቶት ነው።

የጆሮ ሐኪሞች እንደሚሉት ድንገተኛ ጩኸት ከ140 ዴሲቤል ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። የአደን ጠመንጃ ያለ ማፈኛ ሲተኮስ ከተኳሹ አጠገብ 160 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ በአሥር በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ይሆናል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ አንድ ጊዜ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የሕፃን ድምፅ፣ የወፍ ድምፅ፣ በሹክሹክታ የሚነገር ቃል። ከዚያ ሰው በሌለበት ጭው የሚል ነገር ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም ብሎ ያድራል። ጆሮው ከደከመ በኋላ ስለ ጆሮ መጨነቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው የሚበጀው።

ማፈኛውን ለሕዝብ ገበያ ያበቃው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ነው። አባቱ ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራ ሰው ነው፤ ከመሣሪያ ጋር ኖሮ በስተርጅናው ጆሮው ክፉኛ ደክሞ ነበር። አባት ያጮኸውን ልጅ ሊያስታግስ ተነሣ ማለት ነው። አሠራሩን ለመረዳት የኮንሶን እርከን ያየ ሰው አይቸገርም። ከተራራው አናት ያለ ከልካይ የሚወርድ ጎርፍ አገር ያጠፋል፤ እርከን በእርከን የተገታ ውኃ ግን እየቀዘቀዘና እየዘገየ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ጨርሷል። ከጥይቱ ኋላ የሚወጣው የጋለ ጋዝም እንደዚያው ነው፤ በማፈኛው ውስጥ በተደረደሩት ግድግዳዎች መካከል እየተገታ ይወጣል። ጥይቱ በመካከላቸው ባለው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ግድግዳዎቹን አይነካም፤ መንካትም የለበትም።

ታዲያ ምን ያህል ይቀንሳል ብትሉ፣ እንደ ዕቃው ጥራትና እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ነው። ከ165 ላይ 30 ብትቀንሱ 135 ነው የሚቀረው። አሁንም ጩኸት ነው። ስለዚህ ማፈኛ አለኝ ብሎ የጆሮ መከላከያውን ቤት ጥሎ የሚወጣ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላትን ሴት ሆኗል። ሁለቱንም አድርጉ። አጠገባችሁ የሚቀመጠው ልጃችሁም ያድርግ፤ የልጅ ጆሮ ረጅም ዘመን የሚያገለግል ንብረት ነው።

በፊልም ላይ ያያችሁትን እርሱት። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ሲተኩስ እፍ ብሎ ሻማ የሚያጠፋ የሚመስለው ድምፅ የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትይዙት 6.5 ክሪድሞር ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ድምፅ ራሱ በአየር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው። ከድምፅ የቀደመ ነገር ሁሉ አየሩን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ ያ ስንጥቅታ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ ማፈኛውም አያገኘውም፤ ጥይቱ ከእጁ ወጥቶ ሄዷልና። በረጅም ርቀት ለመምታት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፈጣን ጥይት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የረጅም ርቀት ተኳሽ ድምፅ አልባ ተኩስ አለኝ ካለ ወይ አልተኮሰም ወይ አልሰማም።

ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ልንገራችሁ። ጀማሪ ተኳሽን የሚያጠፋው ነፋሱ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። ትከሻው የሚመጣውን ምት፣ ጆሮው የሚመጣውን ጩኸት ያውቃልና ቃታውን ከመሳቡ በፊት ሰውነቱ ይሸማቀቃል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጥይቱም ሌላ ቦታ ይሄዳል። ማፈኛው ምቱንም ጩኸቱንም ሲያለዝብ ያ መሸማቀቅ ቀስ እያለ ይለቃል። ጠመንጃው ብዙ ስለማይዘል ተኳሹ በመነጽሩ ውስጥ ሆኖ የራሱን ጥይት ማረፊያ ማየት ይችላል። ከፊቱ ብዙ አቧራ አይነሣም፤ አጠገቡ ሆኖ ነፋስ የሚያነብለት ጓደኛው ሲናገርም ይሰማዋል። ለጎረቤትም በጎ ነው። አፈሙዙ ላይ ጋዙን ወደ ጎን የሚረጭ ብሬክ የሚያስሩ አሉ፤ ለራሳቸው ትከሻ ያዘኑ፣ በግራና በቀኝ የተኙትን ግን የሚደበድቡ። ከተኩስ ሜዳ ማዶ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሰባኪ አያስፈልገንም። በኖርዌይ አዳኝ ማፈኛ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም በክፉ ዓይን አያየውም።

አሁን ወደ አያያዙ ልምጣ፤ ዕቃውን ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ማፈኛው ሲታሰር የአፈሙዙ ጥርስ ንጹሕ፣ ቀጥ ብሎ የተቀረጸና ለዕቃው የሚስማማ መሆን አለበት። ጥርሱን ከላንቃው ጋር ፍጹም ቀጥ አድርጎ የሚቀርጽ የታወቀ ጠመንጃ ሠሪ ፈልጉ፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ለማንም አትስጡ። ማፈኛው ጥቂት እንኳ ከዘመመ ጥይቱ የውስጡን ግድግዳ ሊመታ ይችላል፤ ያኔ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል፣ ጥይቱም ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። መጀመሪያ ሲታሰር፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቀጥታውን በመለኪያ ዘንግ አስፈትሹ የሚሏችሁን ስሙ። በልምምድ መካከልም ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ ማፈኛው አለመላላቱን ተመልከቱ፤ ሙቀትና ንዝረት የታሰረን ነገር ይፈታል።

ማፈኛ የታሰረበት ጠመንጃ ሌላ ጠመንጃ እንደሆነ ቁጠሩት። ከላንቃው ጫፍ የተንጠለጠለው ክብደት ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ ላንቃው ግን ሲተኮስ እንደ ክራር አውታር የሚንቀጠቀጥ ብረት ነውና ንዝረቱ ይለወጣል። ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሸሻል። በ100 ሜትር ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ስህተት በ1,000 ሜትር ላይ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች፤ ዒላማውን ለመሳት፣ ይባስ ብሎም እንስሳን አቁስሎ ጫካ ውስጥ ለማሰቃየት ትበቃለች። ስለዚህ ማነጣጠሪያችሁን ያስተካከላችሁት ማፈኛው ታስሮ ከሆነ ታስሮ ተኩሱ፤ ተፈትቶ ከሆነ ተፈትቶ። አንድ ቀን እንዲህ አንድ ቀን እንዲያ ማለት ለማንም አይሆንም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

ከተደጋጋሚ ተኩስ በኋላ ማፈኛው ቆዳ እስኪያቃጥል ይግላል። ከላዩ የሚነሣው ትኩስ አየር በመነጽሩ ፊት እየተንቀጠቀጠ ዒላማውን ያዋኛል፤ ተኳሹም ነፋስ መሰለኝ ብሎ የሌለ ነገር ያርማል። ሙቀት የሚችል ጨርቅ የሚያለብሱት ለዚህ ነው። የተሻለው መድኃኒት ግን መታገሥ ነው፤ አምስት ተኩሳችሁ ዕረፉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ነፋሱን አንብቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የጋለ ማፈኛ ደረቅ ሣር ላይ ወይም የመኪና ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ በባዶ እጅም አይፈታም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ብዙ አላየሁም። የጠመንጃ ጩኸት ያስጠነቅቅም ነበር። ሩቅ ያለ እንጨት ለቃሚ፣ በእግሩ የሚንሸራሸር መንገደኛ፣ ተኩስ ሲሰማ መንገዱን ይቀይራል። ድምፁ ሲለዝብና አቅጣጫው ሲደበዝዝ ያ ማስጠንቀቂያ ይቀንሳል። መንገደኛው ያጣውን ማስጠንቀቂያ እናንተ በጥንቃቄያችሁ መሙላት አለባችሁ ማለት ነው። ከ6.5 ክሪድሞር የወጣ ጥይት 1,000 ሜትር ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያች ሰከንድ ተኩል ውስጥ አጋዘን ይራመዳል፣ ሰውም ከዛፍ ጀርባ ብቅ ይላል። ከዒላማው ኋላ ጥይቱን የሚቀበል አፈር ከሌለ ቃታው አይነካ። በአደን ጊዜ የሚለበሰውን ብርቱካንማ ልብስ ልበሱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለቃል ነው፤ ቃልን ግን ይቅርታ ይከተለዋል፤ ጥይትን ምን ይከተለዋል?

አሁን ከሁሉ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ደረስኩ፤ ወደ ሕጉ። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ማፈኛው ራሱ ብቻውን እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጠራል። በ1934 የወጣው የናሽናል ፋየርአርምስ አዋጅ ማፈኛን ከመትረየስ ጋር ባንድ መዝገብ አስገብቶ 200 ዶላር ግብር ጣለበት። በ2025 በወጣ ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግብሩ ዜሮ ሆኗል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ልጆች ነገሩ ሁሉ ነፃ ሆነ ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አልሆነም። የቀረው ገንዘቡ ነው፤ ምዝገባው፣ የጣት አሻራው፣ ፎቶግራፉ፣ ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቁ እንዳለ ነው። ያልተመዘገበ ማፈኛ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ አሥር ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።

የእኛ ሰው የሚሳሳተው በተለይ በማዋስ ላይ ነው። በአገራችን ጎረቤት ጠመንጃ ሲለምንህ አለመስጠት ነውር ነበር፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለመንገድ ይዋዋሱ ነበር። እዚህ ግን ማፈኛው በስማችሁ ተመዝግቧል። እናንተ አብራችሁ ቆማችሁ ጓደኛችሁ ቢሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ መልስልኝ ብላችሁ ብታስጨብጡት ግን በሕግ ዓይን አስተላልፋችኋል፤ ሁለታችሁም ወንጀለኛ ናችሁ። እንቢ ለማለት አትፈሩ። ወዳጅነታችሁ በእንቢታ የሚፈርስ ከሆነ ከመጀመሪያውም አልተሠራም።

ድንበሩንም ዕወቁ። 42 ክፍላተ ግዛት ማፈኛ መያዝን ይፈቅዳሉ፤ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዴላዌር፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ ለተራው ሰው ይከለክላሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። ይህ ለእናንተ የካርታ ወሬ አይደለም። በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ልጅ ከልምምድ ሲመለስ ማፈኛው በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዳለ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ እንጀራ ልብላ ቢል፣ ቨርጂኒያ ላይ ጨዋ የነበረው ሰው ከፖቶማክ ማዶ ተከሳሽ ነው። ላስ ቬጋስ ያለውም ሎስ አንጀለስ ለሠርግ ሲነዳ እንዲሁ። ባለቤትነቱን ፈቅዶ ለአደን የሚከለክል ክፍለ ግዛትም ስላለ ሁለቱንም ጠይቁ።

የጠመንጃ ማጽጃ ዕቃ ነው እየተባለ በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጥ፣ ቀዳዳ ብቻ የጎደለው ቱቦ አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! መንግሥት ያንን ዕቃ እንደ ማፈኛ ቆጥሮ የገዙ ሰዎችን ቤት አንኳኩቷል። ፈቃድ ካለው ነጋዴ በስተቀር ከማንም አትግዙ፤ ቤት ውስጥ ልሠራ ብላችሁም አታስቡ።

ስደተኛ መሆናችሁን አትርሱ። ዜጋ የሆነ ሰው በመሣሪያ ቢፈረድበት ታስሮ ይወጣል፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ማፈኛም መሣሪያ ተብሎ ተጽፏል። ሃያ ዓመት የሠራችሁበት ቤት፣ እዚህ የወለዳችኋቸው ልጆች፣ ሁሉም በአንድ የብረት ቱቦ ላይ ይንጠለጠላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ጥገኝነት ጠያቂ ደግሞ ጠበቃ ሳያማክር እጁን አያስገባ። ሌላም አለ፤ የግዢ ቅጹ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት በአገራችን በአደባባይ ይቃማል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን እዚህ በፌዴራል ሕግ ከባድ ከሚባሉት ዕፆች ተርታ ነው። ቅጹ ላይ ዋሽቶ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሚቅም ሰው ከሁለቱ አንዱን ይተው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ጫቱን።

ወደ አገር ቤት ለወንድሜ ስጦታ ልውሰድ የሚልም ሰምቻለሁ። ያለ መንግሥት ፈቃድ ማፈኛን ከአሜሪካ ማውጣት ከባድ ወንጀል ነው፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን የምትቆጣጠር አገር ናት። ለወንድማችሁ መድኃኒት ውሰዱለት፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ላኩለት።

ማፈኛው ቤት ውስጥም በካዝና ይቆለፍ፤ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ ማሳየት፣ ድግስ ላይ ማንሣት፣ ከቢራ በኋላ መፎከር ይቅር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የምትቆጡ ሰዎች ከሆናችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም ወንድማችሁ ቁጣችሁን የሚፈሩት ከሆነ፣ ማፈኛውም ጠመንጃውም አያስፈልጋችሁም። ይህን ስል ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ቀብር መሄድ ስለሰለቸኝ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ገና ያልገዛችሁ ቸኩላችሁ አትግዙ፤ የምትኖሩበትን ክፍለ ግዛት ሕግ አንብቡ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቁ። የገዛችሁ ደግሞ የምዝገባ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ በላዩ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ ቅጂውንም ከዕቃው ጋር ያዙ። ጆሯችሁንም በዚህ ዓመት ለሐኪም አሳዩ።